ከቆጣሪው የቀደመ ቢል

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡና እየቆላሁ ነበር። ትልቋ ልጄ ከግቢ ገብታ ምድጃው አጠገብ ቆመች። በእጇ የውሃ ቢል ይዛለች።

«እማዬ፣ ቆጣሪው ከቢሉ ያንሳል» አለችኝ።

«ያንሳል ማለት?»

«ወረቀቱ 1247 ይላል። ቆጣሪው ገና 1239 ላይ ነው።»

መቁያውን አውርጄ ተከትያት ወጣሁ። በጅማ ክረምት የቆጣሪው ሳጥን ጭቃ ይሞላዋል። መስታወቱን በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ አሳየችኝ። እውነቷን ነው። ጥቁሮቹ አሃዞች 1239 ይላሉ። ቢሉ ላይ «የአሁን ንባብ» በሚለው ቦታ ደግሞ 1247 ተጽፏል። ቢሉን ከከፈልኩት ሁለት ቀን ሆኖታል።

እዚያው ጭቃው ላይ ቆመን አሰብነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው። ቢጫው ጀሪካናችን 20 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ይሆናል። በቢሉና በቆጣሪው መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ነው። ስምንት ጊዜ 50፣ 400 ጀሪካን። ገና ያልቀዳነውን 400 ጀሪካን ውሃ ከፍያለሁ ማለት ነው።

«ስትከፍይ አላየሽውም?» አለችኝ።

አላየሁትም። የማየው ድምሩን ብቻ ነው። ካለፈው ወር ብዙም ካልራቀ እከፍላለሁ፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እጥላለሁ፣ በቃ። ቢሮ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ እየዋልኩ የቤቴን ወረቀት አንብቤ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ቢሉን ይዘን አብረን ወደ ውሃ አገልግሎት ቢሮው ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ በትዕግሥት አስረዳችን። ቆጣሪ አንባቢው ሁለት ጊዜ መጥቶ በራችን ተዘግቶ አግኝቶታል። ስለዚህ ንባቡ ካለፉት ወራት ፍጆታ ተነስቶ በግምት ተሞልቷል። በሚቀጥለው ንባብ እንደሚካካስ ነገረችን፤ ተካካሰም። ከዚያ ሠራተኛዋ አንገቷን አስግጋ ልጄን አየቻትና «አንቺ ነሽ ያየሽው?» አለቻት። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ቢሉን ከእጇ አላወረደችውም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንዘቡ አላሳሰበኝም። የታሰበኝ አባቴ ነው።

አባቴ በአጋሮ መስመር ቡና አብቃይ ነበር። ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በጆንያ ሞልቶ ለነጋዴ ይሸጣል። ቡናው ከተመዘነ በኋላ ትንሽ ነጭ ወረቀት ይሰጡታል፤ የሚዛን ወረቀት። አራት ቦታ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ማታ እናቴ ተቀብላ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስገባዋለች። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። በሒሳብ ከክፍሌ የሚቀድመኝ አልነበረም። ግን ያንን ወረቀት አንድም ቀን «እስቲ እዪልኝ» ተብዬ አላውቅም። በእኛ ቤት ገንዘብ ሲቆጠር ልጅ ወደ ጓዳ ነው የሚላከው። አባቴ ክፉ ሆኖ አይደለም። ልጅ የገንዘብ ሐሳብ እንዳይገባበት ብሎ ነው። በፍቅር ነበር የሚደብቀን።

አባቴ ካረፈ በኋላ የቤቱን ወረቀቶች ፍለጋ ቆርቆሮውን ከፈትነው። የወራሽነት ጉዳይ ነበረብን። የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ካርድ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የባንክ ደብተር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅጥቋል። እናቴ የትኛው ወረቀት ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ያስቀመጠቻቸው እሷ ናት፤ ግን ያነበበላት ሰው የለም። ከመሃል አንድ የሚዛን ወረቀት ወጣ። በእርሳስ የተጻፈ ነው፦

8 ጆንያ። ጠቅላላ 408። የጆንያ ተቀናሽ 16። የተጣራ 392።

«የጆንያ ተቀናሽ» የሚለው ላይ ዓይኔ ቀረ። ለእያንዳንዱ ጆንያ ሁለት ኪሎ ተቀንሷል። ጓዳ ገብቼ አንድ ባዶ ጆንያ አወጣሁና ሚዛን ላይ ጣልኩት። አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በዚያ አንድ ሽያጭ ብቻ አባቴ ከስምንት ኪሎ በላይ ቡና በነፃ ሰጥቷል። በእኛ አገር ቡና በፈረሱላ ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ወደ ግማሽ ፈረሱላ ሄዷል ማለት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ምንም አልደበቀም። ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። አንባቢ ነው የጠፋው። አንባቢዋ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ የመማሪያ መጽሐፏን የትርፍና ኪሳራ ጥያቄ እየሠራች ነበር።

እና ያን ሌሊት ወሰንኩ። ወደ ቤታችን የሚገባ ወረቀት ሁሉ ልጆቼ ፊት ይከፈታል።

የጀመርነው በመብራት ቢል ነው። ትንሹ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ከቤታችን ዕቃ መብራት በብዛት የሚበላው የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቴሌቪዥን» አለ፤ ሁልጊዜ «አጥፋ» የምለው እሱን ስለሆነ። ዕቃዎቹ ላይ የተጻፈውን ዋት እየዞርን አነበብን። የሳሎኑ አምፖል 10 ዋት ነው። ምጣዳችን ከስሩ 3500 ዋት ይላል። ቢሉ የሚቆጥረው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 1000 ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ይቆጥራል። ስለዚህ አምፖሉ አንድ ለመቁጠር 100 ሰዓት መብራት አለበት። ምጣዱ ግን በ17 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ልጁ ማመን አቃተው። እንጀራ ስጋግር የግድግዳ ሰዓቱን አውርዶ ቆጣሪው ስር ቆመ። ቆጣሪው ሲፈጥን በዓይኑ አየ። ከዚያ ወዲህ እንጀራ በሁለት ቀን ከፋፍዬ ልጋግር ስል የሚከራከረኝ እሱ ነው። «ምጣዱ ሁለት ጊዜ ይሞቃል» ይላል። ልክ ነው።

ከዚያ እርከኑን አየን። የመብራት ዋጋ ለሁሉም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ዋጋም ይጨምራል። ለትልቋ ይሄ አዲስ ነገር ሆነባት። ገበያ ውስጥ ብዙ የገዛ ሰው ነው የሚቀነስለት። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ለምን እንደሆነ ራሷ ደረሰችበት፤ «ትንሽ የሚጠቀመው ድሃው ስለሆነ ነው?» አለች። አንድ ቢል እዚህ ያደርሳል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

በጣም ያስቸገረን ቁጥሩ ሳይሆን ቀኑ ነበር። ይሄን ሌላ አገር ያለ ወላጅ የሚያውቀው አይመስለኝም። የትምህርት ቤት ክፍያ መስከረም 8 ቀን 2018 ከፈልኩ። የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ ሲገባ 18/09/2025፣ ሰዓቱ 14፡20 ይላል። ትንሹ አንብቦ ደነገጠ። «2025 ገና አልደረሰም እኮ!» አለኝ። ሰባት ዓመት ቀድመን የከፈልን መሰለው። ቁጭ ብለን ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ጻፍናቸው። የትምህርት ቤቱ ደረሰኝ 08/01/2018 ይላል። የባንኩ 18/09/2025። አንድ ቀን፣ አንድ ክፍያ ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ 14፡20 ማለት በእኛ ከቀኑ 8፡20 ነው። አሁን ወረቀት ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ነው። ትልልቅ ሰዎች ይህንን ሳይለዩ ቀነ ገደብ ሲያልፍባቸውና ቅጣት ሲከፍሉ አይቻለሁ።

ቋንቋውም እንደዚያው ሦስት ዓይነት ነው። የቤት ኪራይ ውላችን በአማርኛ ነው። የባንክ መልእክት በእንግሊዝኛ ይመጣል። ከከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚመጡት ወረቀቶች ላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል። እኔ አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ፤ ቁቤ ማንበብ ግን ያዘግመኛል። ልጄ ትምህርት ቤት ስለምትማረው ሳትቆም ታነበዋለች። ከፈልቲ ክፍያ፣ ጉያ ቀን፣ ቢሻን ውሃ፣ ቀርሺ ብር። እሷ ታነባለች፣ እኔ ምን ማለት እንደሆነ እነግራታለሁ። እሷ ያለ እኔ፣ እኔ ያለ እሷ ያንን ወረቀት አንጨርሰውም። ከልጄ ጋር በምንም ጉዳይ እንዲህ እኩል ተቀምጬ አላውቅም። የባንኩ እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ አስጠናኋቸው፤ ዴቢት ከሂሳባችን የወጣ፣ ክሬዲት ወደ ሂሳባችን የገባ።

አንዲት የምወዳት ቃልም አለች። ደረሰኝ ላይ ገንዘቡ በፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ብቻ» ይባላል። «ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ብቻ።» ትንሹ «ብቻ ለምን ተባለ? ትንሽ ስለሆነ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ከኋላው ማንም ምንም እንዳይጨምርበት በር መዝጊያ ነው አልኩት። ደስ አለው። እስክሪብቶ አምጥቶ ክፍት በተተወ ወረቀት ላይ ሦስት መቶ ሃምሳውን ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ለማድረግ እንዴት ቀላል እንደሆነ ሞክረን አየነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። የደመወዝ ወረቀት።

ለረጅም ጊዜ አመነታሁ። ቢል ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ የእናትን ደመወዝ ማሳየት ሌላ። በኋላ ግን የወጪው ወረቀት ተከፍቶ የገቢው ከተደበቀ ልጆቹ ግማሽ ታሪክ ነው የሚይዙት ብዬ አሰብኩ። ትልቋን ብቻዋን አስቀመጥኳት። እዚህ ለአንባቢ የራሴን ቁጥር አልጽፍም፤ ጠቅላላው 12,000 ብር ነው እንበል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ በላይ ያለው 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር ይቀነስበታል። ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600። ሌላው 3,000 በ25 በመቶ 750። የቀረው 2,000 በ30 በመቶ 600። ድምሩ 2,250 ብር ግብር። ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ 840 ብር። የተጣራ 8,910።

ልጄ እንደ ደረጃ መውጣት ወሰደችው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ደመወዙ ወደ ላይኛው እርከን ሲገባ ገንዘቡ በሙሉ በዚያ መቶኛ የሚቆረጥ ይመስለዋል። አይደለም፤ ከእርከኑ በላይ ያለው ብቻ ነው። የጡረታው መስመር ላይ ስትደርስ «ይሄን ማን ወሰደብሽ?» አለችኝ። ማንም እንዳልወሰደው፣ አሠሪውም በበኩሉ 11 በመቶ ጨምሮ እንደሚያስገባ፣ ሳረጅ እንደሚጠብቀኝ ነገርኳት። ከዚያ ከተጣራው ላይ ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ እድሩን፣ እቁቡን፣ ለእናቴ የምልከውን አንድ በአንድ ቀነስን። ከታች የቀረውን ቁጥር አየችው። ምንም አላለችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤት ጫማዋን ሳጸዳ ተረከዙ በማስቲሽ ተጣብቆ አገኘሁት። ተቀዶ ነበር። ራሷ አጣብቃው፣ በዝናብ እየፈታባት፣ መልሳ እያጣበቀች ስትሄድበት ከርማለች። ያንን ጫማ ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ ለምን ወደ ጓዳ ይልከን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ማታ ጠራኋት። ቁጥሩን አሳይቼ ተውኳት እንጂ ዕቅዱን አላሳየኋትም ነበር። የቁጠባ ደብተሩን አወጣሁ። በየወሩ የእነሱ ተብሎ የሚገባውን፣ የጫማና የዩኒፎርም የተባለውን መስመር አሳየኋት። እቁቡ በስንተኛው ወር እንደሚደርሰኝና ምን እንዳሰብኩበት ነገርኳት። «ማወቅ የሁላችንም ነው። መጨነቅ የኔ ሥራ ነው፤ አትቀሚኝ» አልኳት። በማግስቱ ገበያ ወርደን ጫማ ገዛን። አሁንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አልጠገገም። ግን ወረቀቱን መልሼ አልደበቅኩትም። ለሌላ ወላጅ የምለው ካለ ይሄን ነው፦ ልጅን የጎደለውን ቁጥር አሳይቶ ማስተኛት አይገባም። ከጎኑ የተቀመጠለትን ካላዩ ጉድለቱን በራሳቸው ሊሞሉ ይነሳሉ፤ በጫማቸው፣ በምሳቸው።

ደረሰኝ አያያዝ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ግን ልናገር። የፍሪጃችንን ደረሰኝ ከዋስትናው ጋር በፕላስቲክ ከትቼ ሦስት ዓመት ካስቀመጥኩት በኋላ ሳወጣው ባዶ ወረቀት ሆኗል። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት ነው የሚታተመው፤ ሙቀት፣ ፀሐይና ፕላስቲክ ያጠፉታል። ስለዚህ ዕለቱኑ ፎቶ እናነሳዋለን ወይ ኮፒ እናደርገዋለን። ይሄ አሁን የትልቋ ሥራ ነው። ቫቱንም እሷ ናት የምታጣራው። መጀመሪያ ላይ 1,150 ብር ከሚለው ድምር ላይ 15 በመቶ አውጥታ 172.50 እያለች አልገጥም ሲላት ትናደድ ነበር። ቫቱ የተጨመረው 1,000 ላይ ነው፤ ስለዚህ ድምሩን ለ1.15 ማካፈል ነው። አንድ ጊዜ ከገባት በኋላ የሱቅ ደረሰኝ ሁሉ እንደ እንቆቅልሽ ሆነላት።

የቤታችን ምርጥ አስተማሪ ግን እኔ አይደለሁም። የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ናቸው። ወር ሲጋመስ ከእሳቸው ዱቤ እንወስዳለን። ደብተሩ ሁለት ነው፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ እኛ ጋ። ትንሹን ዘይትና ስኳር ስልከው ድሮ ደብተሩን ሰጥቶ፣ ተጽፎለት፣ ሳያይ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ነገር ሳጫውታቸው ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው «ታዲያ እኔስ ምን እሠራለሁ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ሳይሉት ዕቃ አይሰጡትም። እሱም ያነባል። ቀኑን፣ ዕቃውን፣ ዋጋውን፣ የዛሬውን ድምር፣ የበፊቱን ቀሪ። አንድ ቀን ሁለት ኪሎ ስኳር ሁለት ቦታ ተጽፎ አገኘ። ፈራ ተባ እያለ «ሐጂ፣ ይሄ ሁለት ጊዜ ነው» አላቸው። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ሐጂ ደብተሩን ወደ መብራት አስጠግተው አዩ። «እውነትክን ነው። አላህ ይባርክህ» አሉ። አንዱን ሰርዘው በሁለቱም ደብተር ላይ ስሙን እንዲጽፍ እስክሪብቶውን ሰጡት። ልጁ ቤት ሲመጣ እየሮጠ ነበር።

ይሄን ስጽፍ ዝናብ እየጣለ ነው። ነገ ቆጣሪ አንባቢው የሚመጣበት ቀን ነው። እኔ ቢሮ ነኝ፣ እነሱ ትምህርት ቤት ናቸው፣ በሩ ይዘጋል። ማታ ትልቋ ባትሪ ይዛ ግቢ ወጣች። ተመልሳ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደች፤ የቆጣሪውን ቁጥር በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፈች። ቀኑን በእኛም በፈረንጅም አደረገችው። ከቁጥሩ ኋላ «ብቻ» ብላ ጨመረችበት። ዝናብ እንዳያጠፋው ፌስታል ውስጥ ከተተችውና በሽቦ የውጭው በር ላይ አሰረችው።